ወደ ኋላ የሚጀምር እርምጃ

ጁማደል አኺር 6

የሩዙ ችግኝ ተተክሎ አለቀ። ወገቤ የራሴ አይመስለኝም። እጄን ታጥቤ ልገባ ስል ታላቅ ወንድሜ ዛይኒር፣ ኡዳ የምለው፣ ከመንገዱ ወርዶ መጣ። ጫማውን አወለቀ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ፤ ከዚያ ጀርባውን ለማሳው ሰጥቶ የኋሊት ጭቃው ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይራመድ ችግኝ ረገጠ።

«ኡዳ! ምን ሆነሃል? አሁን የተተከለ እኮ ነው!»

«ኢኚያክ ናቸው ያዘዙኝ» አለ፣ ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል።

«ኢኚያክ የራሳቸው ማሳ የላቸውም?»

«አላቸው። ያንቺ ይሻላል አሉ።»

ሽማግሌው ኢኚያክ ሳሊህ ለካ ከኮኮናቱ ሥር በትራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። የመንደራችን የሲሌክ መምህር እሳቸው ናቸው፤ ፍልሚያውን ከእናታቸው ወንድም ተቀብለው እስካሁን በእኛ ቤት ጓሮ ባለው ሜዳ ያስተምራሉ። እየሳሉ ሳቁ።

«ዳሊማ፣ አትቆጪ። ወንድምሽን ወታደር ቤት ሠላሳ ዓመት ወደ ፊት ብቻ ሲያስኬዱት ነው የኖሩት። እኔ ዘንድ የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ኋላ ነው። በረድፎቹ መሃል የኋሊት ይሂድ፣ ሳያይ። አንድም ችግኝ ያልሞተ ቀን መጥተሽ ንገሪኝ።»

«እስከዚያ የሞተውን ማን ይተክላል?»

«እህቱ አይደለሽ?»

ጀንበር ሳትጠልቅ መልሼ ተከልኩ።

ጁማደል አኺር 9

ዝናብ። ብዙ አበላሸ። ተከልኩ።

ጁማደል አኺር 13

ዛሬም። ጎረቤቴ አክስት ራቢያ ከደጃፏ ሆና፣ «ዳሊማ፣ ጎሽ ቢሰማራብሽ ይሻልሽ ነበር! ጎሽ እንኳ ወደ ፊቱ ነው የሚሄደው!» ብላ ጮኸች። ኡዳ ጭቃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣት። ሳቀች። እሷ ከሳቀች ሌሎቹም አንድ ቀን ይስቁ ይሆናል።

ጁማደል አኺር 20

ማታ ነው፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ኡዳ ከዚህ ሲወጣ ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ሲሌክን በልጅነቱ ከኢኚያክ ጀምሮ፣ ሳይጨርስ ወታደር ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ በየደሴቱ ያልተማረው ፍልሚያ የለም። ጃቫ ላይ ከአንድ ገበሬ ዘንድ ክርን አጠቃቀም፣ በካምፕ ከአንድ ምግብ አብሳይ ዘንድ የቢላ ጨዋታ ተማረ። ለጦሩ ዋንጫ አመጣ። ምልምሎችን አሠለጠነ። ጉልበቱ ላይ ተመታ፤ ዳነ፤ እንደገና ጀመረ። ሚስቱ ስትሞትበትና ጡረታ ሲወጣ ወደዚህ ተመለሰ። በተመለሰ ሳምንት አውራ ዶሮ፣ ቢላና ጨው ይዞ ከጎረምሶቹ ጋር ተሰልፎ ኢኚያክ ፊት ተንበረከከ፤ እንደ ጀማሪ።

«ዋንጫዎችህስ?» አሉት ኢኚያክ።

«ዶሮዎቹ ውኃ ይጠጡባቸዋል።»

እውነቱን ነው፤ አንዱ እኔ ጓሮ አለ።

እንግዲህ ሦስት ዓመቱ ነው። በእኛ ዘንድ ቤቱ የሴቶቹ ስለሆነ ሚስት የሌለው ወንድ በእህቱ ቤት መኝታ የለውም፤ ኡዳም እንደ ልጅነቱ ከዳገቱ ላይ ባለችው ትንሿ መስጊድ ያድራል። ምግቡን እወስድለታለሁ። ቤቴ ገብቶ እንዲበላ ብጠራው የሚከለክለኝ የለም። አልጠራሁትም።

ረጀብ 3

የኢኚያክ ሳል ብሶባቸዋል። በገበያ የሚወራው ሁሉ ስለ ሜዳው ነው፤ እሳቸው ካለፉ ማን ይረከባል? ሁለት ስም ይነሳል። አንዱ ወንድሜ ነው። ሌላው ሻፍሪል፣ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም። ሻፍሪል ጎበዝ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው፤ ከመንደሩም ወጥቶ አያውቅም።

ደረቅ ዓሣ ስመርጥ ከኋላዬ አንዷ፣ «ወታደር መምህር ሊሆን? የእህቱን ባል ያስበላ?» አለች። ሌላዋ ክንዷን ሳትነካት አልቀረችም፤ ድምፅ ጠፋ። ዓሣውን ሳልከራከር ገዛሁ።

ረጀብ 4

ስለ ጃሊል ከጻፍኩ ቆይቻለሁ።

በጫካው ዘመን ባሌ ጃሊል ሸፍተው ወደ ኮረብታው ከወጡት ጋር ነበር። አንድ ማታ ሊጠይቀን ሲወርድ፣ ከቤታችን ጀርባ ዳገቱ ሥር ወታደሮች ጠብቀው ገደሉት። የሚስቱ ወንድም ወታደር ነው፣ መንገዱን ከእሱ ሌላ ማን ያሳያል ተባለ። ኡዳ ያኔ ባሕር ማዶ በሌላ ደሴት ነበር። የሚያውቅ ያውቃል።

ሰው የሚለውን ይላል። እኔ ወጣት ነበርኩ፤ ልጄ ማርዲያ በትኩሳት ትነድ ነበር። ከጫካ የሚወርዱት መንገዱ ሰላም መሆኑን የሚያውቁበት ምልክት ነበራቸው። ስለ ምልክቱ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ረጀብ 8

የጎሳችን አለቃ ዳቱክ ባንዳሮ ከኢኚያክ ጋር መጡ። የቡና ቅጠል አፍልቼ በኮኮናት ቅል አቀረብኩ፤ የተጠበሰ ካሳቫም ነበረኝ።

«ነገሩ እንዲህ ነው ዳሊማ» አሉ ዳቱክ። «ሜዳው ያለው በእናትሽ መሬት ላይ ነው፤ ጨርቁን የምታነጥፊውም አንቺ ነሽ። ለሻፍሪል ከሆነ ምንም የለውም። ለዛይኒር ከሆነ ግን ሰው ቃሉን ከአፍሽ መስማት ይፈልጋል።»

ጨርቁ ነጭ ነው። አዲሱ መምህር ቆሞ ይፈተንበታል፤ ሲሞት ይከፈንበታል። የምታነጥፈው ሴት፣ «በእኔና በዚህ ሰው መካከል ደም የለም» ትላለች። ይህ ሳይባል የቀረ እንደሆነ ማንም እናት ልጇን ለዚያ መምህር አትሰጥም።

«ረመዳን ሳይገባ ይሁን» አሉ ኢኚያክ። «ከዚያ ወዲያ እኔ አልኖርም።»

«እንዲህ አይበሉ እንጂ።»

«ምነው? ሩዝሽ መቼ እንደሚደርስ ትናገሪ የለ? ይሄም እንደዚያው ነው።»

ላስብበት አልኩ። ዳቱክ ቅላቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «ምኑን?»

ኢኚያክ ግን ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። «ይሄ በኮረብታው በኩል ያለው መስኮት ለምን አይከፈትም? ንፋሱ እኮ የሚመጣው ከዚያ ነው።»

«እንጨቱ አብጧል» አልኳቸው።

ረጀብ 15

ማርዲያ ከፓዳንግ ከተማ መልእክት ላከች፤ ለኢድ ትመጣለች። አጎቷ ከተመለሰ ወዲህ የመጣችው አንዴ ነው፤ እሱ ባለበት አልተቀመጠችም። ማንም አላስተማራትም እላለሁ። ስታድግ የሰማችውን ነው የያዘችው፤ እኔም አልከለከልኳትም።

ማንበብ የተማርኩት እኮ በኡዳ ምክንያት ነው። ከካምፕ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ የሱቁ ሰውዬ ነበር ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ። ጃሊል ከሞተ በኋላ የመጣውን ደብዳቤ አላስነበብኩም። ቃሪያ የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ እየሰበሰብኩ ፊደል ቆጠርኩ። ስንት ወር እንደፈጀብኝ አላስታውስም። ሳነበው፣ ዝናብ እንደበዛና የካምፑ ሩዝ ድንጋይ እንዳለው ነው የጻፈው። በመጨረሻም «በርቺ» ይላል። ሌሎቹም ሁሉ እንደዚያው ነበሩ።

ረጀብ 22

ዛሬ አንድም ችግኝ አልሞተም። ሁለቴ ዞርኩ። ጀርባው ዓይን ያለው ይመስል ነበር፤ እግሩ ጭቃው ውስጥ ሲገባ ድምፅ እንኳ የለውም።

ለኢኚያክ ነገ እነግራቸዋለሁ።

ረጀብ 23

ዛሬም አልሞተም። ኢኚያክ ሳል በዝቶባቸው ተኝተዋል አሉ። መረበሽ አልፈለግኩም።

ረጀብ 24

የበቆሎ ሥራ ነበረብኝ።

ረጀብ 27

የሚዕራጅ በዓል። ከሶላት ስመለስ ሻፍሪል ደረጃው ሥር ዓሣ ይዞ ይጠብቀኛል።

«ኡኒ፣ ለእሱ አታነጥፊም አይደል?» አለኝ፤ እንደ ታላቅ እህት ነው የሚጠራኝ።

ሻፍሪል፣ ጃሊል ሲሞት፣ ገና ዋና የሚለማመድ ልጅ ነበር። አስከሬኑን ሲያጥቡ ውኃ ያቀበለው እሱ ነው።

«እሱን እኮ አልጠላውም» አለ። «ሜዳ ላይ ሲቆም አየዋለሁ፤ ከእኔ ይበልጣል። ውሸት አልናገርም። ግን ወንድሜን እሱ ካልሸጠው ማን ሸጠው? ስሙን ንገሪኝና ዛሬውኑ የዛይኒርን እጅ እስማለሁ።»

«ዓሣው ትኩስ ነው?» አልኩት።

«የዛሬ ጠዋት ነው» አለና ሄደ።

ሻዕባን 3

ኢኚያክ ተሽሏቸው እንደገና ኮኮናቱ ሥር ይቀመጣሉ። ሩዙ ቁመቱ ጨምሯል። አይጠይቁኝም፤ እኔም አልነግራቸውም። ነገ።

ሻዕባን 9

አረም ስነቅል ቆይቼ፣ ፀሐይዋ ዓይኔን ወግታኝ፣ ወደ ጎን ስረግጥ አንድ ረድፍ ተኛ። ወዲያው ላቃናው ጎንበስ ስል ኢኚያክ በበትራቸው እየተደገፉ ደረሱ። ኡዳ ከኋላቸው ነበር።

«አሁንም አልሆነለትም?» አሉ የተሰበረውን እያዩ።

ጎንበስ እንዳልኩ የነቀልኩትን አረም ሰበሰብኩ።

ኡዳ የተሰበረውን አየ፤ እግሬን አየ። የእኔ እግር ትንሽ ነው፤ የእሱ እንደ ጀልባ ነው። ዱካውን ያየ ሰው አይሳሳትም።

«ነገ እደግመዋለሁ» አለ ለኢኚያክ። «ይቅርታ።»

ከዚያ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና፣ እኔ የሰበርኩትን አንድ በአንድ አቃናው።

ሻዕባን 10

ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም። ሲመሽ ሩዝና ሬንዳንግ፣ በኮኮናት ወተት የበሰለ የሥጋ ወጥ፣ ይዤ ወደ ትንሿ መስጊድ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በዘይት ያሻል። ሳህኑን ሰጠሁት። ሲጨርስ፣ ያሰብኩበትን ሳይሆን ሌላ ነገር ተናገርኩ።

«ጨርቁን ባላነጥፍልህስ?»

«አታንጥፊያ።»

«ዕድሜህን ሙሉ የፈለግከው ነገር ነው።»

«የፈለግኩት መማሩን ነው። እየተማርኩ ነው።» ጣቱን ላሰ። «ሬንዳንጉ እንደ እናታችን ሆኖልሻል። ቃሪያውን ብቻ ትንሽ ፈራሽ።»

«ትላንት ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ለምን ዝም አልሽ?»

ሲጠይቀኝ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የገበያ ዋጋ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። ሳህኑን ወደ ጎን አድርጎ ቀጠለ።

«ዳሊማ፣ እናታችን ከመሞቷ በፊት ካምፕ ድረስ መጥታ ነበር፤ ታስታውሻለሽ? ያኔ ነግራኛለች። ልጅቷ ስትነድ፣ ወታደሮቹ ከመንደር መውጣታቸውን ሳታጣሪ ፋኖሱን በኮረብታው በኩል ባለው መስኮት እንደሰቀልሽ።»

ከታች አንድ ሰው ዳክዬዎቹን ሲጠራ ይሰማል። ብዙ ጠራቸው።

«ስታውቅ ለምን አልተናገርክም? ሁሉም አንተን ሲል!»

«አንቺ እዚህ መኖር ነበረብሽ። ከሕፃን ጋር። እኔ ካምፕ ነበረኝ።» ሳህኑን መለሰልኝ። «በይ ውረጂ፣ ሳይጨልም። ድንጋዩ ያንሸራትታል።»

ሻዕባን 11

ለኢኚያክ ነገርኳቸው። ረድፉን የሰበርኩት እኔ እንደሆንኩና ኡዳ ከረጀብ ጀምሮ አንድም ችግኝ እንዳልገደለ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ዓይኔ እኮ ደህና ነው፤ የታመመው ደረቴ ነው።»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«እሱን መጠየቄ ነበር።» ትንሽ ሳሉ። «አንቺንም።»

ሻዕባን 19

ጨርቁን ገዛሁ። አጠብኩ፤ በሩዝ ውኃ ነከርኩ፤ አሰጣሁ። አክስት ራቢያ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «ለየትኛው ነው?» አለችኝ። «ለሚቆምበት» አልኳት። «ጨዋታ ተማርሽ ደግሞ!» አለች።

ሻዕባን 24

ሁለት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም። ቃሉ አጭር ነው፤ ደም የለም ማለት ብቻ። ብዬው ዝም ብልስ? ሻፍሪል ግን ይጠይቃል። በሕዝብ ፊት ይጠይቃል። ኡዳ ደግሞ መልሱን ከአፌ ይነጥቀኛል፤ አውቀዋለሁ። እንዲነጥቀኝ የሚፈልገውን ልቤንም አውቀዋለሁ።

ብናገር ደግሞ ማርዲያ ከሌላ ሰው አፍ ትሰማዋለች።

ሻዕባን 28

ጠዋት ተሰበሰቡ። ሜዳው ሞላ፤ ሴቶቹ ከወጥ ቤቴ በር እስከ ጉድጓዱ ድረስ ቆሙ። ኢኚያክን በወንበር ተሸክመው አመጧቸው። ሻፍሪል ሊፈትነው ቢላውን ይዞ በአንድ ወገን፣ ኡዳ ባዶ እጁን በሌላው ወገን።

ጨርቁን አነጠፍኩ። ጫፎቹን በድንጋይ አስያዝኩ። ቆሜ ቃሉን አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይሄ ራሱ ገረመኝ።

ዳቱክ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ሻፍሪል፣ «እሱ ካልሆነ ማን ነው ታዲያ?» አለ። አልጮኸም።

ኡዳ ወዲያው ጨርቁ ላይ ወጣ። «ሻፍሪል፣ ቢላ ይዘሃል ወይስ ወሬ? ጀምር!»

«ኡዳ፣ ቆይ» አልኩት። በሕይወቴ ወንድሜን በሰው ፊት ሳቋርጠው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፍም፤ የሰሙት ሰምተውታል።

አንዲት ዶሮ ከዋንጫው ውኃ ትጠጣ ነበር። አክስት ራቢያ ብቻ፣ በራሷ ድምፅ ሳይሆን በቀጭን ድምፅ፣ «ሕፃኗ እኮ በጣም ታማ ነበር፤ እኔ ነኝ ውኃ ያመላለስኩት» አለች።

ሻፍሪል እኔን አላየኝም። መሬቱን አየ።

«ቢላህን ያዝ» አሉ ኢኚያክ። «የጀመርነውን እንጨርስ።»

ሻፍሪል መጣ። እንደ ልምምድ አልመጣም፤ የመጣው የሠላሳ ዓመት ቂሙን ሁሉ ይዞ ነበር። ኡዳ አልገፋውም፣ አልመታውም። እግሩ ከኋላው ያለውን እየፈለገ አንዴ ወደ ኋላ፣ ደግሞም አንዴ ወደ ኋላ፣ ችግኝ መሃል እንዳለ ሁሉ፤ ቢላው የሚያገኘው ሰው አጣ። ሻፍሪል በራሱ ኃይል ወደቀ። ሲወድቅ የኡዳ መዳፍ ከጭንቅላቱና ከድንጋዩ መሃል ነበር። ቢላው ሣሩ ላይ ወድቋል።

ሻፍሪል ለጥቂት ጊዜ እዚያው፣ በወንድሜ መዳፍ ላይ እንደተኛ ቆየ። ፊቱን ሸፈነ። ኡዳ እጁን አላነሳም።

ኢኚያክ ወንበራቸውን አስጠግተው ጎንበስ አሉና ጨርቁን በእጃቸው ዳበሱት። አልተጨማደደም።

«በቃ» አሉ ወደ ኡዳ ዞረው። «ውሰደው፤ ያንተ ነው።»

ሻዕባን 29

የይቅርታ ቀን። ሁሉም በሎሚ ውኃ ለመታጠብ ወንዝ ወረደ። ለረመዳን ንጹሕ ሆነን እንድንገባ እርስ በርስ ይቅር እንባባላለን። ወደ እኔ ብዙ ሰው አልመጣም። አንዳንዶቹ ከሩቅ አዩኝ። ትክክል ናቸው።

ሲመሽ ሻፍሪል ደረጃው ሥር ቆመ፤ ዛሬ ዓሣ አልያዘም።

«ኡኒ፣ ዛሬ ይቅር ልልሽ አልችልም» አለ። «ጭራሽ እንዳልመጣሁ ብቻ እንዳታስቢ ነው የመጣሁት።»

«እሺ» አልኩት።

«የእሱን እጅ ግን ስሜያለሁ። ቃሌ ነው።»

ረመዳን 8

ለኢኚያክ ሾርባ ወሰድኩ። በጣም ከስተዋል። እጄን ይዘው፣ «ሩዙ አበበ?» አሉኝ። አበበ አልኳቸው።

«ወንድምሽን እግሩን ብቻ ነው ያስተማርኩት» አሉ። «ሌላውን ይዞት ነው የመጣው። ከየት እንዳገኘው ሳይገባኝ ሦስት ዓመት ሳየው ኖርኩ።»

የሾርባውን ግማሽ ጠጡ።

ረመዳን 11

ኢኚያክ ሳሊህ ዛሬ ጠዋት አረፉ። አላህ ይዘንላቸው። መምህር የሆኑ ቀን በቆሙበት ጨርቅ ተከፈኑ፤ ዕድሜ ቢጫ አድርጎታል። ቃሬዛውን ከፊት ኡዳ፣ ከኋላ ሻፍሪል ያዙት።

ረመዳን 20

ሜዳው ላይ ልጆች ተመልሰዋል። ሁሉም አይደሉም። ኡዳ በመጀመሪያው ቀን ምን እንዳስተማራቸው አየሁ። ወደ ኋላ እየሄዱ ሲወድቁ ይሳሳቃሉ። «የእህቴን ማሳ አታስቡት!» ይላቸዋል። «እሷ እንደ እኔ አትታገሥም!»

ረመዳን 28

ማርዲያ ገባች። ጠጉሯ ላይ ሽበት አየሁ፤ ልጄ ሸበተች። ካፈጠርን በኋላ አስቀምጬ ነገርኳት። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፣ ትኩሳቷንም ጭምር።

ከተቀመጠችበት ተነሳች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበውን ደግማ አጠበችው።

ረመዳን 29

ጨረቃ ታየች፤ ነገ ኢድ ነው።

ማርዲያ ቀኑን ሙሉ ኬቱፓት ስትጠቀልል ዋለች፤ የኮኮናት ቅጠሉን እየጎነጎነች ሩዙን ትሞላለች። ከሚያስፈልገን በላይ ሠራች። ምሽት ላይ ቀና ሳትል፣ «አጎቴ እዚያ ላይ ብቻውን ነው የሚያፈጥረው?» አለች።

«ብቻውን ነው።»

«ድንጋዩ ያንሸራትታል እኮ። መብራት የለውም?»

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። መዶሻና ቢላ ይዤ ነበር፤ አላስፈለገም። እንጨቱ አላበጠም። መቀርቀሪያውን ስገፋው ተከፈተ።

ፋኖሱን ሞላሁና ለኮስኩ። ማርዲያ መጥታ ክብሪቱን ከጣቴ ወስዳ አጠፋችውና ከአጠገቤ ቆመች። በኮረብታው በኩል ሰቀልነው።

ከላይ፣ ከትንሿ መስጊድ በኩል፣ በር ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ እግር። ቀስ ብሎ፣ ቦታውን እየፈለገ፣ ወደ እኛ ይወርዳል።